የከበደ በር ሁሉ የጠነከረ በር አይደለም

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚያመራ መንገደኛ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አቋርጦ ማለፉ የግድ ነው። በሁለቱም ከተሞች ከመኪናው መስኮት ከሚታዩት ነገሮች መካከል በመንገዱ ዳር የተደረደሩት የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች ይገኙበታል። ከፊታቸው በግድግዳ ላይ የተደገፉ፣ ፀረ ዝገት ቀለም ብቻ የተቀቡና ባለቤታቸውን የሚጠባበቁ የግቢ በሮች ይታያሉ። የእነዚህ በሮች ወርድ ከዓመት ዓመት እየጨመረ መጥቷል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የቀድሞው የገበሬ ግቢ በር ለጥማድ በሬና ለተጫነ አህያ ታስቦ የተሠራ ነበር። ዛሬ ግን በጃቢ ጠህናን፣ በወንበርማና በቡሬ ዙሪያ ገጠሮች በቆሎውን፣ ጤፉንና በርበሬውን የሚያነሣው የጭነት መኪና ነው። በ2013 ዓ.ም. በቡሬ የተመረቁት የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና የምግብ ዘይት ፋብሪካም ለዚሁ ለውጥ ምስክሮች ናቸው። ወርዱ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ የሆነ ከባድ መኪና ከጠባብ መንገድ ታጥፎ ወደ መጋዘን ግቢ እንዲገባ ከተፈለገ፣ የበሩ ክፍተት አምስት ሜትር ቢሆን አይበዛበትም።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ሰፊ በር ነው። ነገሩ ተራ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በትምህርት ቤት የምንማረው ፊዚክስ ከዕለት ኑሯችን ጋር ምን ያህል እንደተለያየ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል ብለን እናምናለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ አካባቢ፣ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገን አንድ ትምህርት ቤት ደጃፍ ቆመን ነበር። በሩ አምስት ሜትር ያህል ወርድ ያለው፣ ከላይ እስከ ታች በላሜራ የተለበጠ፣ አንድ ወጥ ተካፋች ነው። ጫፉ ዘሞ መሬት ይነካል። ከሥሩ የተበየደችው ትንሽ ጎማ በክረምቱ ጭቃ ውስጥ ሰጥማ ቀርታለች። በሩን ለመክፈት ጥበቃውና ሁለት ተማሪዎች ተጋግዘው ጫፉን ያነሡታል። ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ሌሎች ሁለት ልጆች ጫፉ ላይ ተንጠልጥለው ዥዋዥዌ ይጫወቱ ጀመር። የላይኛው ማጠፊያ ብየዳ ተሰንጥቆ እንደነበር ያየነው ያን ጊዜ ነው። ልጆቹን አስወረድናቸው። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ከአእምሯችን አልወጣም። ልጆቹ በክፍል ውስጥ የመፈንቅልን ሕግ ይማራሉ፤ ታዲያ ያ ሕግ በራሳቸው በር ላይ ለምን ሳይሠራበት ቀረ?

በር ማለት በጎኑ የተተከለ መፈንቅል ነው

ያለ ጎማና ያለ ድጋፍ በሁለት ማጠፊያዎች ብቻ ተንጠልጥሎ የሚቆም በር፣ በምሕንድስና ቋንቋ አንድ ጫፉ ብቻ የተያዘ አግዳሚ ነው። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ ከግድግዳ ወጥቶ በጫፉ ሸክም የተንጠለጠለበትን አግዳሚ እንጨት መርምሮ ነበር። ስሌቱ በኋላ በሌሎች ሊቃውንት ቢታረምም ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። ከጥያቄው ጋር የሚመሳሰል ነገር ዛሬም በየግቢያችን ቆሞ እናገኘዋለን።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ወርዱ 5 ሜትር፣ ክብደቱ 120 ኪሎ ግራም የሆነ፣ በፍርግርግ የተሠራ በር አለን እንበል። ክብደቱ ወደ ታች 1,200 ኒውተን ገደማ ይስባል። የስበት ማእከሉ ከማጠፊያው 2.5 ሜትር ይርቃል። ስለዚህ በሩ ምሰሶውን ወደ ራሱ ለማጋደል የሚያሳርፈው ሞመንት 1,200 በ2.5 ሲባዛ፣ ማለትም 3,000 ኒውተን ሜትር ነው። በሁለቱ ማጠፊያዎች መካከል ያለው ርቀት 1.5 ሜትር ከሆነ ደግሞ 3,000 ለ1.5 ይካፈልና 2,000 ኒውተን እናገኛለን። ይህም የላይኛው ማጠፊያ ከምሰሶው እንዲነቀል፣ የታችኛው ደግሞ ወደ ምሰሶው እንዲገፋ የሚያደርገው አግድም ኃይል ነው። እንግዲህ የላይኛው ማጠፊያ 120 ኪሎ ግራም በሚመዝን በር ምክንያት 200 ኪሎ ግራም እንደተንጠለጠለበት ያህል ወደ ጎን ይሳባል ማለት ነው።

አሁን ክብደቱ 30 ኪሎ ግራም የሆነ አንድ ልጅ በበሩ ጫፍ ላይ ይንጠልጠል። 300 ኒውተን በ5 ሜትር ሲባዛ 1,500 ኒውተን ሜትር ይሆናል። አንድ ትንሽ ልጅ የበሩን ጠቅላላ ሞመንት በአንድ ጊዜ በግማሽ ጨመረው! ሁለት ልጆች ሲሆኑ ሞመንቱ በእጥፍ ያድጋል። የላይኛው ማጠፊያ ብየዳ ቢላቀቅ ይህ ሁሉ ብረት የሚወድቀው በልጆቹ ላይ ነው። በመሆኑም ስለ በር የሚደረግ ስሌት ስለ ሰው ሕይወት የሚደረግ ስሌት ጭምር መሆኑን ልናስታውስ ይገባል።

ወርድ ሲጨምር ችግሩ በዚያው ልክ ብቻ የሚጨምር የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እውነቱ ግን ከዚህ የከፋ ነው። የበሩ ወርድ በእጥፍ ሲያድግ ክብደቱም፣ የስበት ማእከሉ ርቀትም በእጥፍ ያድጋሉ፤ ስለዚህ ሞመንቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በበሩ ላይ የተዘረጋው አግዳሚ ብረት ያለ ሰያፍ ድጋፍ ብቻውን ክብደቱን እንዲሸከም ከተተወ ደግሞ የጫፉ መዝመም 16 እጥፍ ይሆናል። ለሁለት ሜትር ተኩል በር ያገለገለውን ብረት ለአምስት ሜትር በር መጠቀም ለምን እንደማያዋጣ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሰያፉ በየት በኩል ይሁን?

አራት ብረቶችን በአራት ማእዘን አገናኝቶ ቀጥ ያለ ቅርጽ መስጠት ቀላል ነው። ይሁን እንጂ አራት ማእዘን በባሕርዩ ቅርጹን አጥብቆ አይዝም፤ በጎን ሲገፉት ያጋድላል። ሦስት ማእዘን ግን ጎኖቹ ካልረዘሙ ወይም ካላጠሩ በስተቀር ቅርጹን አይለውጥም። የሰያፍ ብረት ጥቅም አራት ማእዘኑን ወደ ሦስት ማእዘኖች መለወጡ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ በሚገባ የታሰበ ሰያፍ ሸክሙን ለሁሉም ብረቶች ያከፋፍላል።

እዚህ ላይ በየሥራ ቤቱ የምናየው ትልቁ ስሕተት ይመጣል። ሰያፉ ከላይኛው ማጠፊያ ተነሥቶ ወደ ታችኛው የበሩ ጫፍ ከወረደ ሥራው መሳብ ነው፤ እንደ ገመድ ይወጠራል። ከታችኛው ማጠፊያ ተነሥቶ ወደ ላይኛው ጫፍ ከወጣ ግን ሥራው መደገፍ ነው፤ እንደ ምርኩዝ ይታመቃል። ወፍራም እንጨት ሁለተኛውን ሥራ በደንብ ይሠራል። ቀጭን ብረት ግን አይችልም።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። ዲያሜትሩ 12 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 5.2 ሜትር የሆነ ተራ ፌሮ ሲሳብ ከ2 ቶን ተኩል በላይ ይችላል። ይኸው ፌሮ በመሃሉ ምንም ሳይታሰር ከሁለት ጫፎቹ ቢታመቅ ግን ከ8 ኪሎ ግራም ባነሰ ጭነት ይጎብጣል። ይህንን ስሌት የምንሠራበትን ቀመር ያወጣው ኦይለር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1744 በታተመ ሥራው ውስጥ ይገኛል። ሁለት ከግማሽ ቶንና ስምንት ኪሎ! ብረቱ አንድ፣ ዋጋው አንድ፣ የብየዳው ድካም አንድ፤ የተለየው አቅጣጫው ብቻ ነው።

በምሳሌያችን በር ላይ ትክክለኛው ሰያፍ የሚሸከመው የመሳብ ኃይል 2,100 ኒውተን ገደማ ነው። ይህም ለ12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ቀላል ሸክም ነው። ማጠፊያ የያዘው ቋሚ ብረት ከበሩ በላይ ቢረዝምና ሰያፉ ከ3 ሜትር ከፍታ ቢነሣ ኃይሉ ወደ 1,200 ኒውተን ይወርዳል፤ ምክንያቱም ገመዱ ይበልጥ ወደ ላይ በተቃና ቁጥር ክብደትን ለማንሣት የሚያስፈልገው ውጥረት ይቀንሳል። በውጭው ዓለም በሰፋፊ የእርሻ በሮች ላይ ቋሚው ብረት በማጠፊያው በኩል ከፍ ብሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ክብደትና ጥንካሬ

በአካባቢው በያጆችን ለምን በሩን እንዲህ እንደሚያከብዱት ስንጠይቃቸው መልሳቸው ተመሳሳይ ነው። ደንበኛው በሩን በእጁ መትቶ ድምፁን ያዳምጣል፤ ከከበደ ይገዛል፣ ከቀለለ ይጠረጥራል። ደንበኛውን ልንወቅሰው አንችልም። ከባድ ነገር ጠንካራ መስሎ መታየቱ የቆየ ልማድ ነው። ነገር ግን አቋማችንን በግልጽ እናስቀምጥ፤ ለሰፊ በር ክብደት ጠላት እንጂ ወዳጅ አይደለም።

ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ላሜራ በካሬ ሜትር ወደ 12 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ወርዱ 5፣ ቁመቱ 2 ሜትር የሆነን በር ሙሉ በሙሉ ለመልበጥ 10 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 118 ኪሎ ግራም ላሜራ ያስፈልጋል። ስለዚህ 120 ኪሎ ግራም የነበረው በር ወደ 240 ይጠጋል፤ በማጠፊያውና በምሰሶው ላይ የሚያርፈው ኃይልም በእጥፍ ያድጋል። በዚህ ላይ ንፋሱ አለ። በሰከንድ 20 ሜትር የሚነፍስ ኃይለኛ ንፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ገጽ ላይ 240 ኒውተን ያህል ግፊት ያሳርፋል። በተለበጠው በር ላይ ይህ ግፊት ሲደመር 2,400 ኒውተን ይሆናል። በሩ ሸራ ሆነ ማለት ነው። በፍርግርግ በር ውስጥ ግን አብዛኛው ንፋስ ያልፋል።

ግላዊነትን ለሚፈልግ የመኖሪያ ግቢ ላሜራ አስፈላጊ ሊሆን ይችላል። ለእህል መጋዘን፣ ለትምህርት ቤትና ለእርሻ ግቢ ግን ከቱቦላሬና ከቀጭን ብረት የተሠራ፣ ወደ ጫፉ ሲሄድ እየቀለለ የሚሄድ በር ይበቃል። ከማጠፊያው አጠገብ የሚጨመር አንድ ኪሎ ግራም ብዙ አይጎዳም። በጫፉ ላይ የሚጨመር አንድ ኪሎ ግራም ግን ዋጋ ያስከፍላል። ከባዱ ቁልፍ፣ የጦር ቅርጽ ያለው ጌጥና ወፍራሙ አንግል በጫፉ በኩል ሲደረደሩ ስናይ የምናዝነው ለዚህ ነው።

ብረት መጨመር ካለበት የሚጨመረው ምሰሶው ላይ ነው። የቧንቧ ምሰሶ ዲያሜትር የግድግዳው ውፍረት ሳይለወጥ በእጥፍ ቢያድግ ክብደቱ በእጥፍ ብቻ ሲጨምር፣ እንዳይጎብጥ የሚያደርገው ግትርነት ግን ወደ 8 እጥፍ ይጠጋል። ምሰሶ በግማሽ ዲግሪ ብቻ ወደ በሩ ቢያጋድል የአምስት ሜትር በር ጫፍ ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ይወርዳል። ግማሽ ዲግሪ በዓይን አይታይም፤ ጫፉ መሬት ሲነካ ግን ይታያል።

የመሬቱ ጠባይም መዘንጋት የለበትም። በምዕራብ ጎጃም ከቀይ አፈሩ ሌላ በረባዳው ቦታ ዋልካ አፈር ይገኛል። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ በጥልቀት ያልተተከለ ምሰሶ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። መድኃኒቱ መሠረቱን ከሚሰነጠቀው የአፈር ንብርብር በታች ማውረድና ሁለቱን ምሰሶዎች ከመሬት በታች በፌሮ በተጠናከረ የኮንክሪት ማሰሪያ ማገናኘት ነው። እንዲህ ሲሆን አንደኛው ምሰሶ ብቻውን ማጋደል አይችልም።

ተቃራኒ ሐሳቦች

በእኛ አስተያየት ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ።

የመጀመሪያው፣ ጫፉ ላይ ጎማ ማድረግ አይቀልም ወይ የሚለው ነው። በድንጋይ ወይም በኮንክሪት በተነጠፈ ደልዳላ ግቢ ውስጥ ይቀላል። በገጠሩ ግን መሬቱ ወጣ ገባ ነው። ጎማው ጉብታ ላይ ሲወጣ በሩን ያነሣዋል፣ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ይጥለዋል፤ ማጠፊያውም በየቀኑ ይጣመማል። በክረምት ደግሞ ጭቃው ይይዘዋል።

ሁለተኛው፣ ለምን ባለሁለት ተካፋች በር አይሠራም የሚለው ነው። ይህ ተቃውሞ ሚዛን ይደፋል፤ እኛም በአብዛኛው እንቀበለዋለን። አምስት ሜትሩ ለሁለት ሲከፈል እያንዳንዱ ምሰሶ የሚሸከመው ሞመንት ከቀድሞው ሩብ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ማንኛውም ባለሙያ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው "በእርግጥ አንድ ወጥ በር ያስፈልጋል ወይ?" ብሎ ነው። ነገር ግን ሁለቱ ተካፋቾች በሚገናኙበት ቦታ መሬት ውስጥ የሚገባው መቀርቀሪያ ቀዳዳ በጭቃ ይደፈናል፤ ከብት ሲነዳ ወይም መኪና ሲያስገባ አንድ ሰው ብቻውን ሁለቱን መቆጣጠር ይቸገራል። አንድ ወጥ በር የሚመረጥበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ በስሌት ይሠራ ነው የምንለው።

ሦስተኛው፣ ስሌት ወጪ ያበዛል የሚለው ነው። እዚህ ላይ አንስማማም። ከላይ እንዳየነው ሰያፉን ማዞር ምንም አያስወጣም፤ ላሜራውን መተው ወጪ ይቀንሳል። ማጠፊያዎቹን ማራራቅ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብረት ቢጠይቅ ነው። ውድ የሚሆነው በየሁለት ዓመቱ የሚነቀለውና እንደገና የሚበየደው በር ነው።

ከሥራ ቤቱ መማር፣ ለሥራ ቤቱ ማስተማር

በያጆቻችን ዕውቀት የላቸውም ማለታችን አይደለም። የበሩን አራት ማእዘን ስኳድራ ሲጎድላቸው ሁለቱን ሰያፍ ርቀቶች በሲባጎ ለክተው እኩል መሆናቸውን የሚያረጋግጡ ባለሙያዎች አይተናል። ይህ ትክክለኛ ጂኦሜትሪ ነው። ማእዘኖቹን ሁሉ በነጥብ ብየዳ ካስያዙ በኋላ ከአንዱ ወደ ተቃራኒው እየተዘዋወሩ የሚበይዱትም ብረት ሲግልና ሲቀዘቅዝ እንደሚኮማተር ከልምድ ስለተረዱ ነው። የበሩ ጫፍ ሲሰቀል ጥቂት እንደሚወርድ አውቀው አስቀድመው ከፍ የሚያደርጉትም አሉ።

የሚዛን ነገር ከታወሰ ደግሞ የኬላውን አግዳሚ እንጨት ማን ያልፈዋል? የኬላው ጠባቂ ረጅሙን እንጨት በአንድ እጁ የሚያነሣው በአጭሩ ጫፍ ላይ ድንጋይ ስለታሰረ ነው። የሰፊ በር ላይኛ አግዳሚ ከምሰሶው ወደ ኋላ አንድ ሜትር ቢረዝምና 150 ኪሎ ግራም የኮንክሪት ሚዛን ቢጫንበት፣ በምሳሌያችን በር ላይ ካለው 3,000 ኒውተን ሜትር ግማሹ ይጠፋል። በእርግጥ የታችኛው ማጠፊያ የሚሸከመው ክብደት ይጨምራል። እሱ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ ሸክም ስለሆነ ግሪስ በተቀባ ጠንካራ ኩሽኔታ ላይ ይዞራል። ኬላውን ያቆመው ሰው ፊዚክስ ተምሮ ላይሆን ይችላል፤ ሕጉን ግን ሠርቶበታል።

በእኛ በኩል የጎደለው ይህንን የእጅ ዕውቀት ከጥቁር ሰሌዳው ዕውቀት ጋር ማገናኘት ነው። ተማሪው የሞመንትን ቀመር ለፈተና ይሸመድዳል፤ በያጁ ደግሞ ቀመሩ የሚመልስለትን ጥያቄ በየቀኑ በብረትና በገንዘብ ኪሳራ ይጠይቃል። ሁለቱ በአንድ መንገድ ላይ ይተላለፋሉ፤ አይተዋወቁም። ስለዚህ የፊዚክስና የምሕንድስና ትምህርት ክፍሎች ከቴክኒክና ሙያ ተቋማት ጋር ሆነው ለ3፣ ለ4 እና ለ5 ሜትር ወርድ የሚያገለግሉ፣ የብረቱን ዓይነት፣ የሰያፉን አቅጣጫ፣ የማጠፊያውን ርቀትና የመሠረቱን ጥልቀት በሥዕል የሚያሳዩ አንድ አንድ ገጽ ንድፎችን በአማርኛ አዘጋጅተው በየሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፉ ቢያደርጉ ታላቅ አገልግሎት ነው እንላለን። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ያጣ ተማሪም ከዚህ የተሻለ ርዕስ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

ውድ አንባብያን ሆይ፣ እስከዚያው ድረስ አንድ ነገር እንድትሠሩ እንጠይቃለን። ነገ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤታችሁ ስትገቡ በሩ ዘንድ ቁሙ። ሰያፉ ከላይኛው ማጠፊያ ወደ ታች ይወርዳል ወይስ ከታች ወደ ላይ ይወጣል? ምሰሶውን በቱምቢ ለኩት፤ ቀጥ ብሏል ወይስ ወደ በሩ አጋድሏል? የላይኛው ማጠፊያ ብየዳ ስንጥቅ አለው ወይ? ያገኛችሁትን ለመምህራችሁና ለርእሰ መምህሩ ተናገሩ፤ ስንጥቅ ካለ ለነገ የሚባል ጉዳይ አይደለም። ታናናሾቻችሁንም ከበሩ ጫፍ ላይ አውርዷቸው። የሦስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከሦስቱ ጥያቄዎች ግን አንዱ እንኳ የአንድን ልጅ ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።